የስንዴ ሕዋስ ጠላቱን እንዴት ይለያል?

በማክሰኝትም ሆነ ከእርሷ በስተሰሜን ባሉት በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ዋግን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በቅጠሉ ወይም በአገዳው ላይ ቢጫ ወይም የብረት ዝገት የመሰለ ዱቄት ይታያል፤ ፍሬውም ሳይሞላ ተጨማዶ ይቀራል። ዱቄቱ የፈንገስ ዘር፣ ማለትም ስፖር ነው፤ ነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከአገርም ወደ አገር ያደርሰዋል። ነገር ግን ይኸው ነፋስ ጎን ለጎን በተዘሩ ሁለት የስንዴ ዝርያዎች ላይ አንድ ዓይነት ስፖር አራግፎ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ከምን መጣ?

እኛ በደማችን ውስጥ እየዞሩ ጠላትን የሚያድኑ ሕዋሳት አሉን። ዕፅዋት ይህ የላቸውም። በዕፅዋት ዘንድ እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ለይቶ የሚያውቀውም በዘሩ የወረሰውን ያህል ብቻ ነው። ጥበቃውም በሁለት እርከን የተከፈለ ነው።

የመጀመሪያው እርከን በሕዋሱ ገጽ ላይ ይገኛል። የፈንገስ ግድግዳ የሚሠራው ካይቲን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ የአንበጣ ቅርፊትም ከዚሁ ነው። ስንዴ ካይቲን ስለማይሠራ፣ ስባሪው በአጠገቡ መገኘቱ ባዕድ መምጣቱን ያመለክታል። በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ስባሪውን ይይዙና መልእክቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይመነጫል፣ የሕዋሱም ግድግዳ ይጠነክራል። ብዙ ፈንገሶች በዚህ ይገታሉ።

ዋግ ግን ይህን አጥር ማለፍ ይችላል። የግንድ ዋግ ቅጠሉ በሚተነፍስባቸው ረቂቅ ቀዳዳዎች ገብቶ፣ ምግብ የሚመጥበትን አካል በሕዋሱ ላይ ይተክላል። ከዚያም ጥሪውን የሚያፍኑ ፕሮቲኖችን ወደ ሕዋሱ ይልካል። ሁለተኛው እርከን የሚነቃው በዚህ ጊዜ ነው፤ በሕዋሱ ውስጥ የተላኩትን ፕሮቲኖች ለይተው የሚያውቁ ሌሎች ተቀባዮች አሉና። ይህን የአንድ ለአንድ ግንኙነት በ1940ዎቹ ያሳየው አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር ሲሆን፣ የመረመረውም እኛ የምናውቀውን ተልባንና የተልባን ዋግ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱን እንመልከት። ኤስአር-35 የተባለው ዘረ መል ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የተገኘ ሲሆን፣ ማንነቱ በ2013 ታወቀ። በ2022 ደግሞ የፕሮቲኑ ቅርጽ ታየ። አምስት ተቀባዮች አምስት የፈንገስ ፕሮቲኖችን ይዘው እንደ መንኮራኩር ይገጣጠማሉ፤ ይህ መንኮራኩር በሕዋሱ ሽፋን ላይ የካልሲየም መተላለፊያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። የሕዋስ ሽፋን ውፍረት 7 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ በሁለቱ ገጾቹ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ደግሞ 0.15 ቮልት ያህል ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል በሜትር 20 ሚሊዮን ቮልት ገደማ እናገኛለን። ደረቅ አየር የእሳት ብልጭታ የሚያሳልፈው በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያ ላይ ካልሲየም ከውጭ ያለው ክምችት ከውስጡ በ10,000 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት፣ ግድቡ እንደ ተነሣ ውኃ፣ ያለ ተጨማሪ ጉልበት ይጎርፋል። የሕዋሱም ምላሽ ራሱን መግደል ነው። ዋግ የሚመገበው ከሕያው ሕዋስ ብቻ ስለሆነ፣ በሞተው ሕዋስ መካከል ተርቦ ይቀራል። አንባቢ ወደ ማሳ ቢወርድ ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል፤ በተጠቃ ቅጠል ላይ ጣትን የሚያቀልም ዱቄት፣ በተከላከለው ላይ ግን ጥቃቅን የደረቁ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

የዚህ ሥርዓት ጥንካሬው ድክመቱም ነው። ተቀባዩ አንድን ቅርጽ ብቻ ስለሚያውቅ፣ ፈንገሱ ያንን ፕሮቲን ከለወጠ ወይም ከጣለ ሳይታወቅ ያልፋል። በ2010 በኢትዮጵያ በተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ የሆነው ይኸው ነው፤ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የያዘውን ዋይአር-27 የተባለ ዘረ መል ፈንገሱ አልፎት ሄደ። ይህ ዘረ መል በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ተቀባይ መሆኑ በ2022 ታውቋል። ከኩብሳ በኋላ ብዙ ገበሬዎች ዲጋሉን መረጡ፤ በ2013 መጨረሻ ግን በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ በአንዳንድ ማሳዎች የዲጋሉን ምርት ከሞላ ጎደል አጠፋው።

መፍትሔው ከስሌት ይነሣል። ለምሳሌ አንድ ስፖር አንዱን ተቀባይ የሚያመልጥበት ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው እንበል። ሁለት የተለያዩ ተቀባዮች በአንድ ዝርያ ውስጥ ቢኖሩ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያመልጥበት ዕድል ከሚሊዮን ሚሊዮን አንድ ይሆናል። የዝርያ አዳቃዮች ብዙ ተከላካይ ዘረ መሎችን በአንድ ዘር ለማከማቸት የሚጥሩት ስለዚህ ነው። አንድን ዝርያ ብቻ በሰፊው አለመዝራትም ከዚሁ ሐሳብ ይመነጫል።

ተቀባዮቹ ከየት ይመጣሉ? ከፊሎቹ ከእኛው ማሳ። ዩጂ-99 የተባለውን አደገኛ የግንድ ዋግ የሚከላከለው ኤስአር-13 ከሚገኝባቸው ምንጮች አንዱ የኢትዮጵያ ነባር ስንዴ ነው። ይህን ዘረ መል የሚያልፍ የዋግ ዘር በደብረ ዘይት መገኘቱ ደግሞ አንድ ተቀባይ ብቻውን እንደማይበቃ ያስታውሰናል። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል፣ የዛሬው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ነባር ዘሮችን ያስቀመጠው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ጭምር ነው። ተክል ያልወረሰውን መከላከያ ከሕመሙ ሊማር አይችልምና፣ የጠፋ ነባር ዘር ይዞት የሚጠፋው ተቀባይ ምናልባት ለነገው ዋግ የሚያስፈልገን ሊሆን ይችላል።