ረቂቁን ማን ወጋው?

መሳለሚያ እህል በረንዳ ጆንያ ሳያስወጋ ብር የሚቆጥር ነጋዴ የለም። ባዶ ሆድ ያላት ሹል ብረት ጎኑን ትወጋለች፣ ጤፉ መዳፍ ላይ ይፈስሳል፣ አፈር የተቀላቀለበት ከሆነ እዚያው ይጋለጣል። አዋጅ ግን እኛ አገር የሚወጋው ሒሳቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ረቂቅ ሲገባና ሲወጣ ከሚያዩት አንዱ ስለሆንኩ ነው ይህን የምላችሁ። ስሜን ተውት።

ውስጡ እንዲህ ነው። ረቂቁን ባለጉዳዩ መሥሪያ ቤት ያዘጋጃል፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ሰዎች ያዩታል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶበት ወደ ፓርላማ ይመራዋል። አብሮት ሐተታ ዘምክንያት ይሄዳል። እሱን ያገኘ ሰው ልብ ብሎ ያንብበው፤ ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ በገጽ በገጽ ይተነትናል፤ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለመጣጣሙ ግን ብዙ ጊዜ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚጽፋት ደግሞ ያው ረቂቁን የጻፈው እጅ ነው።

«የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ፤ 11 አባላት አሉት፣ ሰብሳቢውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ግን በአንቀጽ 84 ወደ እሱ የሚመጣው የወጣ ሕግ ሲያከራክር ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንትም ቢሆን በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ከተጠራጠረ መጀመሪያ ወደ ፓርላማው ይመልሰዋል፤ ጥርጣሬው ካልጠራለት ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይልካል። የእኛው ያ መንገድ የለውም።

ዋጋውን ለማየት የመርካቶ ሰው የማይረሳውን ስም ላንሳ፤ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት መላኩ ፈንታ። በ2005 ሲታሰሩ ማዕረጋቸው የሚኒስትር ነበር። በአዋጅ 25/1988 ደግሞ የፌዴራል ባለሥልጣን በሥራው ሲከሰስ ጉዳዩ በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ነበር። ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት ስለሌለ ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ግን አንቀጽ 20 ላይ ይግባኝን መብት ብሎታል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ድንጋጌው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ያለው በ2006 ነው። 18 ዓመት! ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ በዋለ ማግሥት የወጣ አዋጅ ነው እኮ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ የሕግ ተማሪ ያየው ነበር። ግብር ሰብሳቢው ራሱ ተከሳሽ ሆኖ እስኪቆም ድረስ ነገሩ ተሸፍኖ ቆየ።

አሁን ጠጋ በሉ። ቀድሞ መጠየቅ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ባለሥልጣን ሲፈልገው ይቻላል። በ2012 ምርጫው በኮሮና ሲራዘም ፓርላማው ራሱ ሚያዝያ 27 ትርጉም ጠየቀ፤ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የሚመራው ጉባኤ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ሰማ፤ ሰኔ 3 ውሳኔው ወጣ። ከወር ትንሽ ቢያልፍ ነው። የንብረት ታክስም እንዲሁ፤ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ፓርላማውና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንቀጽ 99 መሠረት በጋራ ተቀምጠው ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ወሰኑ። መንግሥት እርስ በርሱ ሊጣላበት የሚችለው ነገር ቀድሞ ይጣራል፤ ዜጋ የሚጎዳበት ግን ተራውን ይጠብቃል።

የበረንዳው ሰው «ታዲያ እኛ የት እንናገር?» ይለኛል። ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ የውይይት መድረክ ሲጠራ ነው። እዚያ ግን አብዛኛው ነጋዴ ስለ ኑሮ ውድነት ያማርራል፤ ሰብሳቢው «እናመሰግናለን» ብሎ ያልፋል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፦ የረቂቁን አንቀጽ ቁጥርና ይጥሰዋል የምትሉትን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ቁጥር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስገቡ፣ ግልባጩ ላይ ገቢ ማኅተም አስመቱ። ምሬት ላይ «ተመልክተናል» ይባላል፤ ቁጥር ላይ ግን የሕግ ባለሙያው መልስ ለመጻፍ ይገደዳል። ግልባጩን አትጣሉት። ነገ ክርክሩ አጣሪ ጉባኤ ደጃፍ ሲደርስ ጠበቃችሁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።