አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ከፍቶ «ድምፁን ማሳመር»፦ የቱ እውነት ነው፣ የቱ ገንዘብ ማባከን?

ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ ይሆናል። አንድ ሰው የ40 ዓመት ሲዲ ማጫወቻ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ክዳኑን ይፈታል፣ የተወሰኑ ዕቃዎች ነቅሎ ሌላ ይበይዳል፣ ከዚያ «ድምፁ ሌላ ሆነ» ይላል። የሚያምነው አለ፣ የሚስቅበትም አለ። እውነቱ የቱ ጋ ነው?

መልሱን በአጭሩ እንንገራችሁና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። አሮጌ ማጫወቻ ላይ ትልቁ የድምፅ ለውጥ የሚመጣው ከማሻሻል ሳይሆን ከመጠገን ነው። ጥገናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሹ ክፍል ነው። ችግሩ ሁላችንም የሚያምረን ውዱን ዕቃ መጀመሪያ መግዛት መሆኑ ነው።

«ስልክ እያለ ሲዲ ምን ያደርጋል?» ለምትሉ፦ ቤት ቡፌ ውስጥ ያሉት ሲዲዎች ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አይገኙም። ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረው ቅጂ ደግሞ አብዛኛው ኤምፒ3 ነው። ሲዲ ለአንድ ሰከንድ ሙዚቃ 1,411 ኪሎቢት መረጃ ይይዛል፤ የተለመደው ኤምፒ3 ከ128 እስከ 320 ኪሎቢት ነው። ኤምፒ3 «ይሄን ጆሮ አይሰማውም» ያለውን እየጣለ ነው ፋይሉን የሚያሳንሰው። በ320 ልዩነቱን ለመለየት በጣም ይከብዳል። በ128 ተጨምቆ፣ ያውም ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዳና ደግሞ ሲጨመቅ የቆየ ከሆነ ግን ጸናጽሉ ሲሻክር፣ የዘፋኙ ድምፅ ሲደፈን በግልጽ ይሰማል። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ያለው ያ አሮጌ ሲዲ የዚያ አልበም ምርጡ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ የሚያነበው ማሽን እስካለ ድረስ።

ማሽኑ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከሲዲው ስር አንዲት ትንሽ ሌንስ አለች። በእሷ በኩል የሚወጣው የሌዘር ጨረር 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አለው፤ ዓይን በደንብ አያየውም ማለት ነው። (ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ሲሠራ ሌንሷን ከላይ አፍጥጦ ማየት የለም። አለማየታችሁ አይጎዳም ማለት አይደለም።) ሙዚቃው ሲዲው ላይ የተጻፈው ከመሃል ተነስቶ ወደ ውጭ በሚዞር አንድ ረጅም መስመር ነው። መስመሩ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎሜትር ይበልጣል። በሁለት ዙሮች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ የፀጉር ውፍረት ውስጥ 40 ገደማ መስመር ይገባል። ሲዲው መጀመሪያው ላይ በደቂቃ 500 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ወደ ጠርዙ ሲደርስ ወደ 200 ይወርዳል። ሌንሷ ይህን ሁሉ ሳትነካው ነው የምትከተለው።

ካነበበ በኋላ ስህተት ያርማል። ሲዲ ሲሠራ ጀምሮ «ይጫራል» ተብሎ ስለታሰበ መረጃው ተበታትኖ ነው የሚጻፍበት፤ እስከ 2.5 ሚሊሜትር የሚደርስ ክፍተት ቢኖር እንኳ ማሽኑ የጎደለውን በትክክል አስልቶ ይሞላዋል። ከዚያ ካለፈ ግን መገመት ይጀምራል፤ ግምቱም ካልሠራ ዝም ይላል ወይ ይዘላል። በመጨረሻ ቁጥሩ ወደ ድምፅ ሞገድ ይቀየራል፣ ትንሽ ማጉያ አልፎ ከኋላ ባሉት ቀይና ነጭ መሰኪያዎች ይወጣል።

እንግዲህ ማሽኑን ለሁለት ክፈሉት፦ የሚያነብ ክፍል እና ድምፅ የሚያወጣ ክፍል። የሚያረጀው በብዛት የሚያነበው ክፍልና የኃይል አቅርቦቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች የሚቀያይሩት ግን በብዛት ድምፅ የሚያወጣውን ነው። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

ለምን የድሮዎቹ ይወደዳሉ?

ሲዲ የፊሊፕስና የሶኒ የጋራ ሥራ ነው። ሶኒ የመጀመሪያውን ማጫወቻ፣ ሲዲፒ 101ን፣ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው በጥቅምት 1 ቀን 1982 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ሲስማሙ ፊሊፕስ 14 ቢት ይበቃል ብሎ ነበር፣ ሶኒ 16 ካልሆነ አለ። 16 ሆነ። ፊሊፕስ ግን በእጁ የነበረው ቺፕ፣ ቲዲኤ 1540 የሚባለው፣ የ14 ቢት ነበር። ምን አደረጉ? በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚመጣውን ቁጥር በ4 አባዝተው 176,400 አደረጉት፤ በዚህ መንገድ ከ14 ቢቱ ቺፕ የ16 ቢት ያህል ጥራት አወጡ። ከችግር የተወለደው ብልሃት በኋላ መላው ኢንዱስትሪ የሚከተለው መንገድ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ቲዲኤ 1541 ሙሉ 16 ቢት ነው። ሁለቱም ዛሬ አይመረቱም፤ ለዚህ ነው ፈላጊያቸው የበዛው፣ ለዚህም ነው አናታቸው ተፍቆ ሌላ ጽሑፍ የተጻፈባቸው ቺፖች ኦንላይን የሚሸጡት።

አሁን ወደ ጥገናው

አንድ ሞዴል እንውሰድና በእሱ እናስረዳ፦ ፊሊፕስ ሲዲ 104። ከባድ፣ ጠንካራ፣ ውስጡ ቲዲኤ 1540 ያለበት የ1980ዎቹ ማሽን ነው። አንድ የታወቀ በሽታ አለው። ቦርዱ በሁለቱም ፊት የመዳብ መስመር ስላለው፣ የላዩን ከታቹ የሚያገናኙ ትናንሽ የብረት ቀለበቶች ቀዳዳዎቹ ውስጥ ተበይደዋል። ማሽኑ ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብየዳው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። ከዚያ ማሽኑ ግራ የገባው ይሆናል፦ አንድ ቀን ይጫወታል፣ አንድ ቀን ሲዲ የለም ይላል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ሲሞቅ ያቆማል፤ ወይ በአንዱ ስፒከር ብቻ ይንጫጫል። ብዙ ሰው «ሌንሱ ሞቷል» ብሎ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ነው። መፍትሔው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አሳልፎ በሁለቱም በኩል መበየድ ነው። የሽቦው ዋጋ ከምንም አይቆጠርም፤ የሚፈጀው ትዕግሥት ነው።

ሌሎች ማጫወቻዎች ላይ የሚጀመረው ከሌንስ ጽዳት ነው። አቧራና የወጥ ቤት እንፋሎት ሌንሷን ሲሸፍናት ስህተት ማረሚያው እረፍት ያጣል፣ ከማረም ወደ መገመት ይሻገራል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ የጆሮ ጥጥ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ትንሽ ረጥቦ፣ ሳይጫኑ በቀስታ ማበስ። በእጅ ማጽጃ ጄል አይደለም፣ በሽቶ አይደለም፣ በአረቄም አይደለም! ጄሉና ሽቶው ቅሪት ይተዋሉ፣ ብዙዎቹ ሌንሶች ደግሞ ፕላስቲክ ናቸው።

ትሪው አልከፈት ካለ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ቤልት ነው። ሌንሷ የምትንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ያለው ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ጠርጎ በጣም ትንሽ አዲስ መቀባት ነው። መጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ላይ ብቻ የሚቸገር ከሆነ ሲዲውን የሚያዞረው ሞተር ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ እንዳልነው ፍጥነቱ ከፍተኛ የሚሆነው መጀመሪያው ላይ ነውና።

አንድ ነገር ግን አትንኩ። ሌንሷ አጠገብ በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ ታገኛላችሁ። እሱን ማዞር የሌዘሩን ኃይል ይጨምራል፣ አንብቦ የማያውቀው ማሽን በድንገት ያነባል፣ ሁሉም ይደሰታል። ትንሽ ቆይቶ ሌዘሩ ጨርሶ ይቃጠላል። «አስተካክዬልሃለሁ» ብሎ እንዲህ አድርጎ የሚሸጥ ሰው እንዳለም እወቁ።

ከዚያ ካፓሲተሮቹ ይመጣሉ። ክብ በርሜል የሚመስሉት ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። ኃይል አቅርቦቱ ላይ ያሉት ሲደክሙ ከመብራቱ የሚመጣው ሞገድ ሙሉ በሙሉ ሳይጣራ ያልፋል፤ ድምፁ ውስጥ «ሁምም» የሚል ነገር ይገባል። ድምፅ በሚያልፍባቸው ላይ ያሉት ሲደክሙ ደግሞ ቤዙ ይሳሳል። እነዚህን መቀየር ነው «ድምፁ ሌላ ሆነ» የሚያሰኘው፤ እና ልብ በሉ፣ ይህ ማሻሻል ሳይሆን ፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መመለስ ነው። የሚገዛው ያው ማይክሮፋራድ፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚችል ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠ ይፈነዳል፤ ሳይነቀል በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ማሻሻል የሚባለውስ?

ሁሉም ውሸት አይደለም። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አድርገውታል። ማራንዝ በ1990ዎቹ ሲዲ 63 የሚባል መካከለኛ ማጫወቻ ነበረው። (1982 ላይም በዚሁ ስም የወጣ ማሽን ስላለው ስትገዙ እንዳትሳሳቱ።) የድርጅቱ የድምፅ ባለሙያ ኬን ኢሺዋታ ያንኑ ማሽን ወስዶ ትራንስፎርመሩንና ሌሎች ዕቃዎቹን በተሻሉ ቀየረ፣ ሳጥኑን መዳብ አስለበጠ፣ በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ተጠርቶ ተሸጠ። እስከዛሬ ይፈለጋል።

በጣም የተለመደው ማሻሻያ ግን የድምፅ ማጉያዋን ቺፕ፣ ኦፕአምፕ የሚሏትን፣ መቀየር ነው። እኛ እዚህ ላይ ጥርጣሬ አለን። በ1980ዎቹ የተሠሩ ብዙ ማጫወቻዎች ላይ ያለው 5532 ዛሬም ጥሩ ቺፕ ነው። በፈጣን ዘመናዊ ቺፕ ሲተካ ዙሪያው ካልተስተካከለ ጭራሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ድምፁ ይሻክርና ባለቤቱ «ዝርዝሩ ወጣ» ይላል። ሌላው ያንን የ4 እጥፍ ማባዣ አስወግዶ ቁጥሩን በቀጥታ ወደ ድምፅ መቀየር ነው። ወዳጆቹ «ለስላሳ ሆነ» ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ ምክንያቱም 20 ኪሎኸርዝ ላይ ድምፁ 3 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ለስላሳነቱ ከዚያ ነው። ከወደዳችሁት ችግር የለውም፣ ግን ጥራት ጨመረ ማለት አይደለም።

ራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ሁለት ማጫወቻ በአንድ ዓይነት ሲዲ፣ በእኩል የድምፅ መጠን አጫውቱ፣ ጓደኛችሁ ሳያሳያችሁ ያቀያይር። እኩል መጠን ያልነው በምክንያት ነው፤ ጆሯችን ትንሽ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ «የተሻለ» ይለዋል።

ሲዲ ማጫወቻችሁን ከብሉቱዝ ስፒከር ጋር የምታገናኙ ከሆነማ ይህን ሁሉ እርሱት። ብሉቱዙ መልሶ ይጨምቀዋል። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ወደ ስፒከሩ ይሂድ። ማሽኑ ከኋላው ዲጂታል መውጫ ካለው ደግሞ ትንሽ የውጭ ዳክ መግዛት ምንም ሳይበየድ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል በሙሉ አዲስ ያደርገዋል። እንደ ሲዲ 104 ያሉት ቀደምቶቹ ግን ይህ መውጫ የላቸውም።

እዚህ አገር የግድ መታወቅ ያለበት አለ፦ ከአሜሪካ የተላከ ማሽን 120 ቮልት ነው፣ ከጃፓን የመጣ 100። የእኛ 220 ነው። ዘመድ በሻንጣ ያመጣውን በጉጉት ቀጥታ መሰካት በአንድ ሰከንድ ሊያቃጥለው ይችላል። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አንዳንዶቹ ላይ በካቻቢቴ የሚዞር የቮልት መምረጫ አለ፣ ከሌለ ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ክዳን ስትከፍቱም በማብሪያ ማጥፊያው አትተማመኑ። ብዙ ሞዴሎች ላይ ማሽኑ «ጠፍቶ» እያለ ትራንስፎርመሩ ድረስ 220 ቮልት አለ። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ክፈቱ።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የሌንሱን ስም ጠይቁ። ኬኤስኤስ 213 ወይም 240 የሚባሉት የሶኒ ሌንሶች ያለበት ማጫወቻ ተተኪ በቀላሉ ይገኝለታል። የቀደሙት የፊሊፕስ ሌንሶች በአንድ ክንድ ላይ የሚወዛወዙ ናቸው፣ ዕድሜያቸው የሚገርም ነው፣ ሲሞቱ ግን አዲስ የለም፤ ከሌላ ማሽን መንቀል ነው። ሻጩ ጋ ስትሄዱ የራሳችሁን ሲዲ ያዙ፣ ረጅም አልበም ይሁን። የመጀመሪያውን ዘፈን አጫውቱ፣ የመጨረሻውን አጫውቱ፣ ከዚያ ማሽኑ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡና እንደገና የመጀመሪያውን አጫውቱ። ሻጩ ለግማሽ ሰዓት ካልተስማማ ዋጋ ቀንሱ ወይም ሌላ ሱቅ ሂዱ።