«ቤት ነኝ» አትበሉ፣ «ሥራ ገብቻለሁ» በሉ

አማርኛችን ለሥራ በር ሠርቶለታል። «ሥራ ገባ» እንላለን፣ «ከሥራ ወጣ» እንላለን። ጠዋት የሚገባበት፣ ማታ የሚወጣበት ቦታ የሌለው ሰው ሥራ ያለው አይመስለንም። ለዚህም ነው ከቤቱ ሆኖ በግሉ የሚሠራ ሐበሻ «ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የማይቀርለት። ይህ ሰው ዛሬ በመካከላችን ብርቅ አይደለም። የሒሳብ ባለሙያው፣ ሶፍትዌር የሚሠራው፣ ለከባድ መኪኖች ጭነት የሚያፈላልገው ዲስፓቸር፣ ዲዛይነሩ፣ ተርጓሚዋ ሁሉ እንዲህ እየሠሩ ነው።

እኔም አንዷ ነኝ። ሜሪላንድ ካለው አፓርታማዬ ሆኜ በስልክና በቪዲዮ ለሆስፒታሎች አስተረጉማለሁ። ቀጣሪ የለኝም፤ የምሠራው በኮንትራት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ «ማንም ሳያይሽ ሞራሉን ከየት ታመጪዋለሽ?» ብሎ ነው። ሞራል እኮ ይመጣል፣ ይሄዳል። በሞራል ብቻ የተያዘ ሥራ ሞራሉ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከቤት የሚሠራ ሰው ከሞራል ይልቅ የሚያስፈልገው መግቢያና መውጫ በር ነው። ቀጣሪ ስለሌለው ደግሞ በሩን ራሱ መሥራት አለበት።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የሚዘጋ እውነተኛ በር ያስፈልጋል። በእኔ ሥራ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። መስመሩ ላይ ያለችው እናት የምርመራ ውጤቷን እየጠበቀች ነው። አስተርጓሚ የሚናገረው በታካሚው አፍ ስለሆነ እሷ «ከትናንት ጀምሮ ያዞረኛል» ስትል እኔም በእንግሊዝኛ «ያዞረኛል» ነው የምለው፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። የአሜሪካ የ2010 የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለወላጁ ማስተርጎምም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር አይፈቀድም። በዚያ በኩል እንዲህ የተጠበቀ ምስጢር እኔ ሳሎን ቡና የሚጠጣ እንግዳ ጆሮ ቢገባ ምን ዋጋ አለው? ዋሽንግተንና አካባቢው ሐበሻው ብዙ ነው፤ ግን ይተዋወቃል። የሰው ስምና የበሽታ ስም አብረው ከተሰሙ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ። የደንበኛውን ገቢ የሚያውቀው የሒሳብ ባለሙያም ያው ነው። ለብቻ ክፍል ከሌለ የመኝታ ቤት ጥግና ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል፤ በሩ ግን ይዘጋ።

ሁለተኛው በር ቃል ነው። ስልክ ሲደወል «አዎ፣ ቤት ነኝ» ካልን የቀረውን ሌላው ሰው ይጨርሰዋል። ኤርፖርት እንግዳ መቀበል፣ ልጅ መጠበቅ፣ ፎርም መሙላት ይከተላል። የእናቴ ጓደኛ በደወሉልኝ ቁጥር የምንባባለው ይህን ይመስላል፦

«ልጄ፣ ቤት ነሽ አይደል?»

«እትዬ፣ ሥራ ገብቻለሁ። በአበሻ አሥር ሰዓት ላይ ነው የምወጣው።»

«ውይ፣ ሥራ ላይ ነሽ እንዴ! በይ ስትወጪ ደውይልኝ።»

ውሸት የለበትም። ቤት ውስጥ ብሆንም ሥራ ገብቻለሁ። «አልችልም» ያልኩ እንደሆነ ይቀየሙኛል፤ «አሥር ሰዓት እወጣለሁ» ስላቸው ግን ቦታ ሰጠኋቸው ማለት ነው። ማኅበራዊ ኑሯችንን ዝጉት እያልኩ አይደለም። ልቅሶ ይደረሳል፣ አራስ ይጠየቃል። ተቀጥሮ የሚሠራውስ ቢሆን ፈቃድ ጠይቆ፣ ተራ ቀይሮ ይሄድ የለ? እኛም እንደዚያው ፈቃዱን ከራሳችን እንጠይቅ። የሄድንበትን ሰዓት የምናካክስበትን ቀን ግን ከመሄዳችን በፊት እንወስን።

ሦስተኛው በር የገንዘብ ነው። የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ ቁጥሮቹ የአሜሪካ ናቸው። ተቀጣሪ ደመወዙ እጁ ከመግባቱ በፊት ታክሱ ይቆረጣል። 1099 የሚደርሰን ሰዎች ግን ክፍያው ሙሉውን ይገባል፤ ሙሉው ግን የኛ አይደለም። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ 15.3 በመቶ ነው። ለተቀጣሪ ግማሹን አሠሪው ይከፍልለታል፤ እኛ አሠሪውም ሠራተኛውም ስለሆንን ሁለቱንም እንከፍላለን። የገቢ ታክሱ ከዚህ ሌላ ነው። ግምታዊ ክፍያው በዓመት አራት ጊዜ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 ይከፈላል። እኔ ገንዘብ በገባበት ቀን 30 በመቶውን ወደ ሌላ አካውንት አዛውራለሁ፤ የመንግሥት ነው ብዬ አልነካውም።

በካሽ ያገኘውን ሳያስመዘግብ ያተረፈ የሚመስለው ሰው አለ። እስቲ ቁጭ ብሎ ያስላው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 ክሬዲት ይጠይቃል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ስለሆነ ቢያንስ 10 ዓመት የተመዘገበ ሥራ ማለት ነው። ቤት ለመግዛት ሲሄድ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት ይጠይቀዋል። ባለቤቱን ወይም እናቱን ከአገር ቤት ለማምጣት ስፖንሰር ሲሆን ደግሞ ገቢው በአብዛኛው የድህነት መለኪያውን 125 በመቶ መድረስ አለበት። በግሉ የሚሠራ ሰው ይህን የሚያሳየው በታክስ ወረቀቱ ነው። ያልተመዘገበ ብር እናትን አያመጣም።

ስልኩ የማይጠራበት ቀንም አለ። ሞራል የሚወድቀው ሥራ ሲበዛ ሳይሆን እንዲህ ባለው ቀን ነው። እኔ ያን ቀን የቃላት ደብተሬን እከፍታለሁ። «ኪንታሮት» ለአንዱ የፊንጢጣ ሕመም ነው፣ ለሌላው ቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር፤ ሳይጣራ ከተተረጎመ ሐኪሙን ወደ ሌላ በሽታ ይወስደዋል። «ምች መታኝ» ለሚል ታካሚ ደግሞ አንድ ቁርጥ ያለ የእንግሊዝኛ ቃል አይገኝለትም። ቃሉን እንዳለ አስተላልፎ ታካሚው ራሱ እንዲያብራራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሐኪም መስመር ላይ እየጠበቀ ማሰብ አይቻልም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የእናንተ ሥራ ሌላ ከሆነ የእናንተ ደብተር ሌላ ይሆናል። ያልተላከ ደረሰኝ ይኖራል፣ ያልተማራችሁት ፕሮግራም ይኖራል፣ ከሦስት ወር በፊት «መልሰህ ደውል» ያላችሁ ደንበኛ ይኖራል። ባዶውን ቀን ሶፋ ላይ ስልክ በመነካካት ካሳለፍነው ግን ሥራም አልሠራንም፣ ዕረፍትም አላረፍንም።

ብዙዎቻችን የምንረሳው መውጫውን ነው። ለገንዘቡ ስንል «አንድ ጥሪ ልጨምር» እንላለን፤ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ከሥራ የማይወጣ ሰው ደግሞ ነገ ሥራ አይገባም፤ ቢገባም ልቡ የለም። በሌላ ሰው አፍ «እሞታለሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄዶ ሽንኩርት ሊከትፍ አይችልም። እኔ አሥር ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን እዘጋለሁ፣ ጫማዬን አጠልቄ ሰፈሩን አንዴ እዞራለሁ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ወደ ቤት የሚያደርገው ጉዞ ለእኔ ይቺ ናት።

ማንም ስለማያየን ቀልደን የምናልፍ ሊመስለን ይችላል። የሚያየን አለቃ ባይኖርም ግን በመስመሩ ጫፍ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ ታካሚ፣ ደንበኛ፣ ሒሳቡን አምኖ የሰጠን ባለ ሱቅ። ለዚያ ሰው እኛ ፒጃማ መልበሳችን ወይም ሳሎን መሆናችን ጉዳዩ አይደለም፤ የሚፈልገው ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲያገኝ ነው። እንግዲህ ልጆቻችንም፣ ጎረቤቶቻችንም፣ አገር ቤት ያሉት ወላጆቻችንም ይልመዱት፤ እቤት ነን፣ ግን ሥራ ገብተናል።