ለአረጋውያን ምሳ ይዘን ስንሄድ ያልጠየቅነው ጥያቄ፦ ሌሊት ማን አለ?



ልደት ሲሆን፣ ሠርግ ሲደርስ፣ ሙት ዓመት ሲታሰብ ብዙዎቻችን ምግብ አዘጋጅተን ወደ አረጋውያን መጦሪያ እንሄዳለን። አብረን በልተን፣ ተመርቀን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። መልካም ነገር ነው፣ አትተዉት። ግን ሁላችንም የምንሄደው በምሳ ሰዓት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌሎቹ ሰዓታት ነው።

ከሻምቡ፣ ከጊምቢ ወይም ከደምቢ ዶሎ ሪፈር ተጽፎላቸው ነቀምቴ የሚደርሱ አረጋውያንን አስቡ። ያመጣቸው ሰው "ትኩሳት አላቸው፣ ምግብ እምቢ አሉ፣ መቃዠት ጀመሩ" ይላል። ምርመራ ሲደረግ ሳንባ ሊሆን ይችላል፣ ሽንት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ከወገብ በታች አጥንት ድረስ የዘለቀ ቁስል ይገኛል። ቁስሉ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ገልጦ ያየ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

የአልጋ ቁስል እንዴት ይመጣል?

ሰውነት ለረጅም ጊዜ በአንድ ጎን ሲተኛ በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ያለው ቆዳ ይጨቆናል፤ ደም አይደርሰውም። ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። የሚበዛው ከወገብ በታች ባለው አጥንት፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ነው። መጻሕፍት "የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው" ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከአካባቢው ጠቆር ያለ፣ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም ሲነካ የሚያም ቦታ ፈልጉ።

መከላከያው ውድ አይደለም፦ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ (ፍራሹ ጥሩ ከሆነ ጊዜው ሊረዝም ይችላል)፣ ቆዳውን ከሽንትና ከላብ ማድረቅ፣ በቂ ውኃና እንደ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ ያለ ገንቢ ምግብ መስጠት። የሚፈልገው የሰው እጅ ነው።

እስኪ ሂሳቡን አብረን እንስራው

30 አረጋውያን ያሉበት ቤት ነው እንበል። ከነሱ 10ሩ ራሳቸውን ማገላበጥ አይችሉም። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት 12 ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው 6 ጊዜ ይገላበጣል፣ 10 ሰው 60 ጊዜ። አንዱ 5 ደቂቃ ቢወስድ 300 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ሙሉ ሥራ ነው። እሱም ሁለት ሰው አንድ ላይ እያነሳ። ሽንት ቤት ማድረስ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ልብስ መቀየር ገና አልተቆጠረም። ሌሊት ያለው አንድ ጥበቃ ብቻ ከሆነ ሰውየው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን አይችለውም።

ሌላም ሂሳብ አለ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው መደበኛ ሥራ ቢበዛ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። 168 ለ48 ሲካፈል 3.5 ይመጣል። የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲጨመርበት አንድ ሰው ሁሌም በቦታው እንዲገኝ 4 ሠራተኛ መቅጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ "8 ተንከባካቢ አለን" ማለት በአንድ ጊዜ የምታገኙት ሁለት ብቻ ነው።

ሁሉም ነርስ ይሁን እያልኩ አይደለም። የሠለጠኑ ተንከባካቢዎችና የሚመራቸው ነርስ ይበቃሉ።

ታዲያ ማን ይቆጣጠራል?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ2008 ዓ.ም. የጸደቀው የአፍሪካ የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም በመጦሪያ ያሉ ሰዎች የሚያገኙት እንክብካቤ አገራዊ ዝቅተኛ መስፈርት እንዲያሟላ ይጠይቃል። እኛ ጋ ጉዳዩ በፌዴራል ደረጃ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ታች ደግሞ የክልልና የከተማ ጽሕፈት ቤቶች ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው በጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን መብቶችን የሚከታተል ክፍል አለው።

አደጋው ምን መሰላችሁ? አንዱ ፈቃድ ያያል፣ ሌላው የሒሳብ ሪፖርት ያያል፣ ብርድ ልብሱን የሚገልጠው ግን የማን ሥራ እንደሆነ ሳይለይ ይቀራል። አየርላንድ ውስጥ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራሱን የቻለ ተቋም የመንግሥትም የግልም መጦሪያዎችን ይፈትሻል፤ ሳይናገር ሊመጣ ይችላል፣ ያየውንም ለሕዝብ ያወጣል። መንግሥት የራሱን ቤት ራሱ ብቻ እንዳይመረምር ማለት ነው።

በሚቀጥለው ምሳ ይዛችሁ ስትሄዱ ኃላፊውን በትሕትና ጠይቁ፦

👉 ሌሊት ስንት ሰው ተረኛ ነው? የሠለጠነስ አለ?
👉 የማገላበጫ መዝገብ አለ? የሌሊቱ ምልክት በሙሉ በአንድ ጊዜ የተሞላ ይመስላል ወይስ በየሰዓቱ?
👉 ክብደት በየወሩ ይለካል? 50 ኪሎ የነበረ ሰው በወር 2.5 ኪሎ ከቀነሰ (5 በመቶ) ሐኪም ማየት አለበት።
👉 ባለፈው ወር ስንት ሰው ወደቀ? "ማንም አልወደቀም" ሁልጊዜ ጥሩ ዜና አይደለም፤ አይመዘገብም ማለት ሊሆን ይችላል።
👉 መድኃኒቱን ማን ይሰጣል? የማስተኛ መድኃኒት የሚወስዱ ስንት ናቸው? ሰው ስላነሰ ብቻ ማስተኛት ሕክምና አይደለም።
👉 አረጋዊው ቅሬታ ቢኖረው በአፋን ኦሮሞ፣ ሠራተኛው በሌለበት ለማን ይናገራል?

እናንተ የማንንም ልብስ አትግለጡ፣ ሳታስፈቅዱም ፎቶ አታንሱ። መልሱ ደካማ ከሆነም ለመክሰስ አትቸኩሉ፤ አብዛኛው ሠራተኛ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ከበግ ይልቅ የአንድ ሌሊት ተረኛ ደሞዝ ብታዋጡ ይሻላል። ቸልተኝነት ወይም ጥቃት ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ፣ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

በወለጋ አረጋዊን የሚጦረው ከጥንት ጀምሮ ቤተሰብና ጎረቤት ነው። ግን ባለፉት ዓመታት ግጭቱ ስንቱን አፈናቀለ፣ ወጣቱም ከተማ ገባ። ቡሳ ጎኖፋን የሚያውቅ ሕዝብ መረዳዳትን ማንም አያስተምረውም። በየእድሩ አንድ ጡረታ የወጣች ነርስ ያለችበት ሦስት ሰው ያለው ኮሚቴ አቋቁመን፣ ከመጦሪያው ጋር ተስማምተን በወር አንድ ጊዜ በምሽት ብንጎበኝስ? ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ጋር ብናስተሳስረውስ?

በመጨረሻ፣ እናቱን ወይም አባቱን ቤት ለሚያስታምም ሁሉ። የመጦሪያው ሂሳብ እናንተም ቤት ይሠራል። መጦሪያው ለ168 ሰዓት 4 ሰው ሲፈልግ፣ በብዙ ቤት ግን አንዲት ልጅ ወይም ምራት ብቻዋን ትይዘዋለች። ወንድሞች፣ እህቶች፣ ዛሬውኑ ደውሉላትና ሌሊቱን ተከፋፈሉ።

⚠️ ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ወይም መቃዠት ከመጣ ቤት ውስጥ አትጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ።