ቤዙን የሚበላው ሳሎን

ከጅዳ በዘመድ የተላከ ሆም ቲያትር ወሎ፣ መካነ ሰላም ደርሶ ሲከፈት ጉልበቱ ቀንሶ ይገኛል ቢባል ቀልድ ይመስላል። እውነት ነው። ጅዳ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ቤዙን የሚያወጣው ሳጥን፣ ማለትም የሰብዉፈሩ፣ ሥራ አየር መግፋት ነው። የስፒከሩ ወረቀት እንደ ጅዳው ያህል ቢወጣና ቢገባም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ድምፁ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይወርዳል። ስስ አየር አምፕሊፋየርንም በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ቡፌ ውስጥ ታፍኖ ባይቀመጥ ይመረጣል።

የድምፁ መውረድ ግን የድምፅ ቁልፉን ትንሽ ከፍ በማድረግ የሚካስ ጉዳት ነው። ዋናው ሌባ ሳሎኑ ነው።

በየከተማው የተለመደው «4 በ 4» ክፍል ለቤዝ ክፉ ቅርጽ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ግማሹ 4 ሜትር። ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን ያጎለብታል፤ ግድግዳው ጥግ ያጓራል፣ መሐል ክፍሉ ላይ ይጠፋል። ክፍሉ እኩል በእኩል ሲሆን ይኸው ችግር በወርዱም በቁመቱም በአንዱ ድምፅ ላይ ይደራረባል። የቤዝ ጊታር የመጨረሻዋ ወፍራም ክር ደግሞ 41 ሄርዝ ናት። አንዷ ኖታ ቤቱን ስታናውጥ ቀጣይዋ የማትሰማው ለዚህ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያና የማዳበሪያ ኮርኒስ ያለው ቤት ከኮንክሪቱ ይሻላል፤ ቤዙ ወደ ውጭ ያመልጣል፤ ዋጋውን ጎረቤት ይከፍላል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሰብዉፈሩን ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ሶፋ ወይም መደብ ላይ ያስቀምጡት። ቤዝ ጊታሩ ወጣ ወረድ የሚልበት ዘፈን ከፍተው በግድግዳው ዙሪያ ጎንበስ ብለው እያዳመጡ ይዙሩ። ልጆች ይስቁ ይሆናል። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ቦታ የሳጥኑ ቦታ ነው፤ ሳጥኑና ጆሮ ቦታ ቢለዋወጡ ክፍሉ በድምፁ ላይ የሚያደርገው አይለወጥምና። ጥግ ላይ ማስቀመጥ ጉልበት ይሰጣል፤ እኩልነት ግን ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

ቀጥሎ ሰብዉፈሩ ከስንት ሄርዝ በታች እንደሚይዝ የሚወስነው ቁልፍ አለ። 80 ጥሩ መነሻ ነው፤ ሌሎቹ ስፒከሮች ትንንሽ ከሆኑ 100 ወይም 120። መፈተኛውን ወሎ ራሱ ያበድራል። በአምባሰል ቅኝት የተዜመ የማሲንቆ ዘፈን ሲከፈት ማሲንቆውም ዘፋኟም ከዚያ ሳጥን ውስጥ መሰማት የለባቸውም፤ ከተሰሙ ቁልፉ ይውረድ። ከዚያ ድቤ ያለበት መንዙማ ይከተል። ምቱ ከዜማው ተነጥሎ ከሌላ ቦታ የመጣ ከመሰለ፣ ከሳጥኑ ጀርባ 0 እና 180 የተጻፈባትን ማብሪያ አገላብጠው ምቱ ጠንክሮ በሚሰማበት ላይ ይተዉት።

ፊልም ሌላ ጠባይ አለው። 5.1 ከሚለው ውስጥ «ነጥብ አንድ» የምትባለው ለፍንዳታና ለነጎድጓድ የተለየች መስመር ናት፤ ስትጫወትም ከሌሎቹ መስመሮች በ10 ዴሲቤል ከፍ እንድትል ታስቦ ትቀረጻለች። ተራው የዘፈን ቅጂ ይህች መስመር የለችውም። ለፊልም በሚያስደስት መጠን የተከፈተ ቤዝ ዘፈኑን የሚውጠውም ለዚህ ነው። እኔ ልኩን በዘፈን መያዝ፣ ለፊልም ምሽት ብቻ በሪሞት 3 ዴሲቤል ያህል መጨመር ይሻላል ባይ ነኝ። ሲጨመር ሳጥኑ የተንጫጫ ከመሰለ ወደ ጥገና ከመውሰድ በፊት ቡፌው ውስጥ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች ማራራቅ፣ የላላ የቆርቆሮ ሚስማር ካለም ማጥበቅ ነው።