ደመወዝን ስለ መሰወርና ስለ መግለጥ

የወር ደመወዝ በገንዘብ ያዥ መስኮት ይከፈል በነበረበት ጊዜ፤ ሠራተኛው በስሙ ትይዩ ሲፈርም ከላይና ከታች የተጻፈውን የጓደኞቹን ድርሻ ማየቱ አይቀርም ነበር። ዛሬ ግን ደመወዝ በባንክ በኩል የሚገባላቸው ብዙዎች ስለ ሆኑ፤ ዐሥር ዓመት አብረው የሠሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ይኖራሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በደረጃና በእርከን የተወሰነ በመሆኑ ለመሰወር አይመችም፤ በብዙ የግል ድርጅት ግን ደመወዝን ለባልደረባ መንገር እንደ ነውር፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ጥፋት ይቈጠራል። እንግዲህ ይህ ምስጢር የሚጠቅመው ማንን ነው? የሚጎዳውስ?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተጻፈውን የወይን አትክልት ባለቤት ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማለዳ የተቀጠሩትም፤ በዐሥራ አንድ ሰዓት የመጡትም እኩል አንድ አንድ ዲናር ተቀበሉ። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት የተነገረ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን አከፋፈሉንም ልብ እንበል። ባለቤቱ ማለዳ የመጡትን አስቀድሞ ከፍሎ ቢያሰናብት ኖሮ፤ እነርሱ የኋለኞቹን ዋጋ ሳያውቁ ደስ ብሏቸው በሄዱ ነበር። እርሱ ግን ከኋለኞቹ ጀምሮ እንዲከፈል አዘዘ። ባጉረመረሙም ጊዜ የተዋዋሉትን ሙሉ ዋጋ እንደ ተቀበሉ በግልጥ አስረዳ፤ ቅንዓታቸውንም ገሠጸ። ስለዚህ በቅን የሚከፍል አሠሪ መታወቁን አይፈራም፤ የሚሰማውም ሰው ዐይኑን ከምቀኝነት ሊጠብቅ ይገባዋል።

መሰወር የሚያመጣውን ጉዳት ለመረዳት፤ በአሜሪካ አገር በአላባማ ክፍለ ግዛት የሆነውን እንመልከት። ወይዘሮ ሊሊ ሌድቤተር እ.ኤ.አ. ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በጋድስደን ከተማ በጉድይር የጎማ ፋብሪካ በተቈጣጣሪነት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ፤ የእርሳቸውና የሦስት ወንዶች ባልደረቦቻቸው ደመወዝ የተጻፈበት፤ የላኪው ስም የሌለበት ወረቀት ደረሳቸው። በክርክሩ እንደ ታየው የእርሳቸው የወር ደመወዝ 3,727 ዶላር ሲሆን፤ በዚያው ሥራ ላይ ካሉት ወንዶች የዝቅተኛው 4,286፤ የከፍተኛው 5,236 ዶላር ነበር። ቢከሱም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በ5 ድምፅ በ4 ላይ፤ ደመወዙ በተወሰነ በ180 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ነበረብዎት ሲል ወሰነባቸው። ሰው ያላወቀውን በደል እንዴት በጊዜው አቤት ይላል? እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራ ሕግ ወጥቶ፤ አድልዎ ያለበት ደመወዝ በተከፈለ ቍጥር ጊዜው እንደ አዲስ እንዲቈጠር ሆነ። ለእርሳቸው ግን የቀረባቸው ገንዘብ አልተመለሰላቸውም።

ይህን ስንል መግለጥ ፈተና የለበትም ማለታችን አይደለም። እኛ ባስተማርንበት በአንድ ትምህርት ቤት፤ አንድ መምህር የጓደኛው ደመወዝ ከእርሱ እንደሚበልጥ በሰማ ጊዜ ሁለት ወር ሰላምታ ነሣው። በኋላ ሲጠየቅ ትርፉ የማታ ክፍል የማስተማሪያ ዋጋ ሆኖ ተገኘ። የጠፋው የሁለት ወር ፍቅር ግን በደመወዝ መዝገብ አይመለስም። ጥያቄ ያለው ሰው በትሕትና መጠየቅ ያለበት ከፋዩን ነው፤ ባልደረባውማ የሠራበትን ተቀበለ እንጂ ምን በደለ? በቤትም የጎረቤትን ደመወዝ እያነሡ የባልን ወይም የሚስትን ድካም ማቃለል፤ በልጆች ልብ ምቀኝነትን መዝራት ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእኛ ብዙዎች በቤታችን ሠራተኛ የቀጠርን አሠሪዎች ነን። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ አስተምሯል። ለቤት ሠራተኛችን የምንከፍለውን በጎረቤት ፊት፤ በንስሐ አባታችንም ፊት ሳናፍር መናገር እንችላለንን? የማንችል ከሆነ፤ ለምስጢሩ ሳይሆን ለደመወዙ እንጨነቅ። በቅን የምንከፍልበትን ልብ አምላክ ያድለን። አሜን።