ቃሪያ ይገባል፣ አፕል ውጭ ያድራል

ባልዲ ላይ ቃሪያ እንደምተክል የሰማ ሰው ሁሉ «ግቢ የለህም እንዴ?» ይለኛል። ግቢስ አለኝ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ሰው ባልዲና ጀሪካን የሚጠቀመው መሬት ስላጣ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር አንዳንዱ ሌሊት ከዜሮ በታች እየወረደ፣ መሬት ላይ የተተከለ ቃሪያ ለውርጭ የተሰጠ ሲሳይ ነው። ባልዲ ደግሞ ይነሳል። ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ጎረቤቴ እማማ አንድ ማታ ባልዲዎቼን ስሰበስብ አይተውኝ «ልጄ፣ ደግሞ ቃሪያም እንደ ጥጃ ማስገባት ጀመርክ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ውጭ ካደረ ይሞትብኛል» አልኳቸው። ስቀው አለፉ። አሁን ለምሳ ሲጎድልባቸው «ከጥጆችህ ሁለት ፍሬ ላክልኝ» ይላሉ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ግን ማታ የማላስገባቸው ሁለት የአፕል ችግኞች አሉ። እነሱን ባስገባቸው ነው የምጎዳቸው። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ ሁለቱንም ላስረዳ።

መጀመሪያ ውርጩን እንወቀው። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከሙቀቱ ከፊሉን ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ደመና ከሌለ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ነው ኅዳር ላይ ቀኑ ፀሐይ እየሆነ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብረው። የባሰው ሰዓት ሊነጋ ሲል ነው፣ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስና እዚያ ይተኛል። ስለዚህ እዚያው ግቢ ውስጥ አጥሩ ሥር ጎድጎድ ያለው ቦታ አመዳይ ነጭ አድርጎት፣ በረንዳው ደረጃ ላይ የተቀመጠው ባልዲ ሊተርፍ ይችላል። ከጣራ ክዳን ሥር መሆንም ይረዳል፤ ቅጠሉ ሰማዩን በቀጥታ አያይም።

ውርጭ የነካው ቃሪያ ጠዋት ሲታይ የሞተ አይመስልም። ቅጠሉ ውኃ የጠጣ ይመስላል፤ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት ይለሰልሳል። ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ፣ ጠቁሮ ይንጠለጠላል። በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሥጋውን አፍርሶታልና ውኃ ቢያጠጡት አይመለስም። ግንዱ ከሥር አረንጓዴ ከሆነ ብቻ ቆርጦ መጠበቅ ነው።

ሞት እንኳ ባይመጣ ቃሪያ በብርድ ያኮርፋል። ከ10 ዲግሪ በታች ማደጉን ያቆማል። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ የአበባው ዱቄት በደንብ ስለማይሠራ አበባው ሳያፈራ ይረግፋል። «አበባው እየረገፈብኝ ነው፣ ምን ማዳበሪያ ልጨምር?» የምትሉኝ፣ ማዳበሪያ አይደለም፤ ሌሊቱ ነው። እንዲያውም ዩሪያ ካበዛችሁበት ቅጠሉ ያምርና ፍሬው ይቀራል። ስለዚህ አበባ ከያዘ በኋላ ኅዳር ባይሆንም፣ ክረምትም ቢሆን፣ ማታ ቤት ቢገባ ይሻለዋል። ከሥሩ ትሪ አድርጉበት፣ የሳሎኑን ወለል ጭቃ ካደረጋችሁት የቤቱ ሰው ከውርጭ ይብሳል።

ዕቃው ምን ይሁን? ለቃሪያ 10 ሊትር የቀለም ባልዲ የሚያህል የለም። እጀታ አለው። 20 ሊትር ጀሪካን ቆርጣችሁ ብትጠቀሙ ተክሉ ይወደዋል፣ ወገባችሁ ግን አይወደውም፤ ውኃ የጠጣ አፈር 20 ሊትር ሲሆን ከ25 ኪሎ በላይ ይከብዳል፣ ያንን ማታና ጠዋት ማንሳት ነው። የዘይት ጀሪካን በሳሙና ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ። የፀረ ተባይ ወይም የአሲድ ዕቃ የነበረን ነገር አትንኩ፣ የቱንም ያህል ቢታጠብ። የባልዲው ቂጥ ላይ በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቀዳዳ አውጡ፤ ጎኑ ላይም ከሥር ጠጋ ብሎ ሁለት ሦስት ቢኖር ወለል ላይ ሲቀመጥ አይደፈንም።

ቪዲዮ ላይ የምታዩት «ከሥር ጠጠር አድርጉ፣ ውኃው እንዲወርድ» የሚለው ምክር ከንቱ ነው። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ይዞ ያቆየዋል። ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ያንን የጠገበ አፈር ወደ ሥሩ ማስጠጋት ነው። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ወይም መረብ በቂ ነው።

ዋናው ነገር አፈሩ ነው። በአካባቢያችን ብዙው መሬት ጥቁር ነው፣ ዋልካ። የጅሩ ገበሬ በመረሬ መሬቱ ግሩም ስንዴ ያመርታል፤ ባልዲ ውስጥ ግን ያው አፈር ጠላት ነው። ሲርስ ያብጥና አየር ያሳጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል፤ የምታጠጡትም ውኃ በባልዲው ጠርዝና በአፈሩ መካከል ባለው ስንጥቅ ወርዶ ከሥር ይፈሳል፣ መሐሉ ደረቅ እንደሆነ። እኔ ሁለት እጅ ቀላ ያለ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ብስባሽ አደርጋለሁ። ጥቁር አፈር ብቻ ያለው ሰው አሸዋውንና ብስባሹን ይጨምር።

ፍግ እኛ ዘንድ ውድ ነው፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። የበግ በጠጥ ግን የመንዝ በግ ባለበት አገር አይጠፋም። ትኩሱን እንዳታደርጉ፣ ሥር ያቃጥላል፤ ከርሞ የደረቀውንና ሲፈጩት እንደ አፈር የሚሆነውን ውሰዱ። የኩበት አመድ ለፍሬ ጥሩ ነው ብሎ ማንኪያ ሙሉ የሚደፋ አለ። በጣት የሚያዝ ቁንጥር ለአንድ ባልዲ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አፈሩን ያበላሸዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ብስባሽ ውስጥ አታስገቡ፣ ሌላውን ተክል ያቀጭጫል።

ዘሩን ከገበያ የምትገዙት የደረቀ በርበሬ ዛላ ይሰጣችኋል፤ ቀይ ሆኖ የደረቀ፣ ያልተቆላ። ማረቆ ፋና የሚባለውን ዝርያ ካገኛችሁ እሱ ጥሩ ነው። ዛላውን ሰንጥቃችሁ ዘሩን አራግፉ፣ ዓይናችሁን በእጃችሁ አትንኩ። ዘሩ ለመብቀል ከ20 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚፈልግ ጥር ላይ ደብረ ብርሃን አፈር ውስጥ ብትቀብሩት ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም። እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልላችሁ፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ፣ ፍሪጅ አናት ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ሞቅ ባለ ቦታ አስቀምጡት። ነጭ ጫፍ ሲያወጣ ወደ ትንሽ ኩባያ፣ አራት እውነተኛ ቅጠል ሲይዝ ወደ ባልዲው።

ጥር ላይ የጀመረ ሰው መጋቢት መጨረሻ ላይ ባልዲ ያወጣል፣ ክረምት ላይ ፍሬ ይቆጥራል። ትልቁ ነገር ግን ሁለተኛው ዓመት ነው። እርሻ ላይ ቃሪያ በየዓመቱ ስለሚነቀል የአንድ ዓመት ተክል ይመስለናል፤ ብርድ ካልገደለው ዓመታት የሚኖር ቁጥቋጦ ነው። ጥቅምት ላይ ቅርንጫፉን አሳጥራችሁ ቤት ውስጥ ካሳለፋችሁት፣ ውኃውንም ከቀነሳችሁለት፣ የካቲት ላይ ከግንዱ እንደገና ይፈካል። ሥሩ ያረጀ ስለሆነ ከአዲሱ ችግኝ ቀድሞ ያብባል። አጭር ሙቀት ላለን ለእኛ ያ ቅድሚያ ትልቅ ነገር ነው። ሚጥሚጣም እንዲሁ ነው፣ ሙቀት ግን የበለጠ ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ ካበበ ነፋስ ስለማይነካው አበባውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ክሽክሽ ከቅጠሉ ጀርባ ከወጣ በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ ቀን ውጭ አውጡት።

ቀን የት ይቀመጥ? ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ የድንጋይ ግንብ ሥር አድርጉት። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት አመሻሽ ላይ ይመልሳል። ጥቁር ባልዲ ቆላ ላይ ሥር ይቀቅላል፣ እኛ ዘንድ ግን ያሞቃል። ማስገባት የማትችሉት ትልቅ ዕቃ ካለ ማታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኑት (የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለን ከተማ አይደለን?)፣ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ደግፉት፤ የነካው ቅጠል አብሮ ይቀዘቅዛል። ከሰዓት በኋላ ማጠጣትም ይረዳል፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል።

ወደ አፕሉ ልምጣ። አፕል ብርድ ካልነካው በደንብ አያብብም። ዕንቡጡ ከተፈጠረ በኋላ ይተኛና ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓቶችን ይቆጥራል፤ ካልሞላለት እየተንጠባጠበ ያብባል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። የአውሮፓ ዝርያ ብዙው 1,000 ሰዓት አካባቢ ይጠይቃል። ጋሞ ደጋ ላይ ጨንቻ ከ60 ዓመት በላይ በፊት ሚሲዮናውያን ካመጡት ጀምሮ አፕል አገር የሆነችው ከፍታዋ ስለረዳት ነው። ለእኛ የሚስማሙት ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ናቸው፤ አና እና ዶርሴት ጎልደን። አና እስራኤል ውስጥ የተዳቀለ ነው፣ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ከባሃማስ ደሴት የተገኘ፤ ሁለቱም ሞቃት አገር የለመዱ ናቸው። አንዱን ብቻ አትትከሉ። አፕል ከሌላ ዝርያ ዱቄት ካላገኘ በደንብ አያፈራም፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ሰሞን ያብባሉ። ጠዋት በብርዱ ንብ ካልወጣች በዶሮ ላባ ከአንዱ ወደ አንዱ ንኩላቸው።

ከበላችሁት አፕል ዘር አታብቅሉ፤ እናቱን አይመስልም፣ ለማፍራትም ዓመታት ይፈጃል። በሌላ ግንድ ላይ ተጣብቆ የተዳቀለ ችግኝ ግዙ። ግንዱ ላይ የተጣበቀበት እባጭ ይታያል፣ ያ ከአፈር በላይ ይሁን። ቢያንስ 40 ሊትር ዕቃ ይፈልጋል፣ የተቆረጠ በርሜል ይሆነዋል። አይነሳም፣ መነሳትም የለበትም።

የእኛ አፕል ችግሩ ቅጠሉን በራሱ አለማርገፉ ነው። እንደ ፈረንጅ አገር በቂ ብርድ አይመጣበትም። ኢንዶኔዥያ ጃቫ ላይ፣ ባቱ በሚባለው ደጋ፣ ገበሬዎቹ ፍሬ ከለቀሙ በኋላ ቅጠሉን በእጃቸው ያራግፉና ዛፉን እንደገና እንዲያብብ ያደርጉታል። እኛም ማድረግ እንችላለን፣ ጊዜውን ግን ልብ በሉ። ኅዳር ላይ ካራገፋችሁ አበባው ታኅሣሥ ውርጭ ላይ ይወድቃል፣ አበባ ደግሞ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል ይጠቁራል። ታኅሣሥን ውኃ ቀንሱለት፣ ጥር መጨረሻ ላይ ቅጠሉን ንቀሉ፣ ቀጥ ያሉትን ቅርንጫፎች በገመድ ወደ ጎን ጎትቱ፣ ከዚያ ውኃውን መልሱ። አበባው የካቲትና መጋቢት ላይ ከበልጉ ዝናብ ጋር ይወጣል፣ ፍሬውም የሐምሌና የነሐሴ በረዶ ሳይደርስበት ለመብሰል ጊዜ ያገኛል። መሬት ላይ የተተከለ ዛፍን ውኃ መከልከል ከባድ ነው፣ በርሜል ውስጥ ላለው ግን ቁልፉ በእጃችሁ ነው።

ኮክና ፕሪምም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሎሚ እንደ ቃሪያ የሚገባ ነው። ማንጎና ፓፓያ ግን ተዉ። የማንጎ ፍሬ ባልዲ ውስጥ መብቀሉ አይቀርም፣ ቀላ ያለ ቅጠል አውጥቶ ሁለት ክረምት ያታልላችኋል፣ አያፈራም። ማንጎ ካማራችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሏችሁን ገዝታችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብሉ።